በግንባራቸው የተደፉ ኮከቦች

ሊዬዥ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ አላል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ይህ ወረቀት እርስዎንም ባለቤትዎን ላላ ረቂያንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሂንድ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ በእንግድነት መጥቶ ባለቤት ሆኖ ቀረ እንጂ ሌላ የምናማው ነገር የለም።

ማን እንደጻፈልዎ ግር እንዳይልዎ፣ የቱሃሚ ልጅ በቱል ነኝ። አባቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ናችሁ። ልጅ ሆኜ ከሥራ ቦታዎ የሸክላ ስባሪ ስሰርቅ ጣቴን ቆርጦኝ፣ እርስዎ ትንባሆ ነስንሰው አሰሩልኝና «ሌባ በእኛ ቤት እንዲህ ነው የሚቀጣ» ብለው ሳቁብኝ። ጠባሳው አሁንም አለ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እንደሚያውቁት በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። አሁን ለነፍሱ አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። ፌዝ ውስጥ በተወለደበት መንገድ ጫፍ ያለው የውሃ መቅጃ ከደረቀ ቆይቷል ሲሉኝ ሰምቻለሁ። እሱን አሳድሼ አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣበት፣ ሰደቃው እየፈሰሰ እንዲኖርለት አስቤአለሁ። ሥራውን ለባዕድ መስጠት አልፈልግም፤ ከዘመድ መሀል ዘሊጅ፣ ያንን የባለቀለም ሸክላ ድርድር፣ የሚሠራ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል።

መደቡ ነጭ፣ ኮከቦቹ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ቢጫ ይሁንልኝ። ሰማያዊው የፌዝ ሰማያዊ ይሁን። አባቴ ማየት ካቆመ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት «ሰማዩ ዛሬ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። የዚህ አገር ሰማይ አመድ ነው፤ እኔ ግን «ሰማያዊ ነው አባዬ» እያልኩ እዋሸው ነበር። አሁን እውነተኛውን ልሰጠው እፈልጋለሁ።

ወጪውን ሳያፍሩ ይንገሩኝ። ላላ ረቂያን በሁለት ጉንጫቸው ይሳሙልኝ።

ልጅዎ በቱል


ፌዝ፣ ማርች 15 ቀን 1998

ለልጄ ለበቱል፣

ወዐለይኩሙ ሰላም፣ አንቺ ሌባ! አላህ አንቺንም ባልሽንም ልጅሽንም በጥላው ያኑራችሁ። የአባትሽን ማረፊያ ጀነት ያድርግለት። ደብዳቤሽን ረቂያ ሁለቴ አስነበበችኝ። «ያቺ ቀጭን፣ ወሬኛዋ ልጅ ናት?» አለች። እሷ ናት አልኳት። «ሰደቃ ማሰቧ አደገች ማለት ነው» አለችልሽ።

ሥራውን ከማንም ጋር እንዳትነጋገሪ፣ የእኔ ነው። ለእጄ ምንም አልቀበልም፤ የሸክላውንና የጀሶውን ብቻ ትችያለሽ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋግሬ ቧንቧውን አስቀጥላለሁ።

የእኛ አሠራር ጊዜ ይወስዳል፣ እንዳትጣደፊ። ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ቁርጥራጮቹን የምንደረድረው በግንባራቸው ደፍተን ነው። ቀለማቸው መሬት መሬት ያያል፤ እኛ የሚታየን ቀይ ጀርባቸው ብቻ ነው። ጀሶው ከላይ ይፈስስባቸዋል፣ ሲደርቅ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ነው ሰው ፊታቸውን የሚያየው። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራው ቡሽታ «እንደ ሙሽራ ነው፣ እስክትገለጥ ድረስ ምን እንዳገባህ አታውቅም» ይላል። ሦስቴ አግብቷል፣ ያውቃል።

በአንድ ነገር ላስቸግርሽ። ደህና መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ፣ ጠንከር ያለ። እዚህ የሚሸጡት የጠርሙስ ቂጥ ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ እንዳትይኝ፤ መነጽር ነው ያልኩሽ።

አጎትሽ አላል


ሊዬዥ፣ ሜይ 4 ቀን 1998

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ እርስዎ ደጃፍ ይድረስ። ጎረቤታችን ሲ ምሩዋን ለበጋ ዕረፍት ወደ ፌዝ ስለሚመጡ መነጽሩን በእሳቸው እጅ ልኬአለሁ። ለላላ ረቂያ ደግሞ ሻርፕ አለ። ሂንድ ነች የመረጠችው፤ የእኔን ምርጫ አላመነችም። እናቷ ያረጀች ይመስላታል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ካልሲዬን እያየች ትስቃለች፣ «እማዬ፣ ዛሬም ከሁለት አገር የመጡ ካልሲዎች ናቸው» ትለኛለች።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። ባለፈው አለቃዬ በሰው ፊት ጮኸችብኝ። የመዋኛውን ፎጣና የመኝታ ክፍሉን ፎጣ ደባልቄ ልኬ ኖሯል። አምፖሉን ቀይረውታል አጎቴ፣ ምን ላድርግ! በዚያ ብርሃን ሁሉም አንድ ነው። ሌሎቹ ሴቶች በአምፖሉ አላማረሩም፣ እኔም ብዙ አልተከራከርኩም፤ ሥራ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቆጡኝ። ዓይንዎ ምን ሆነ? የአባቴም በመነጽር ነው የጀመረው። አንዱን ለወጠ፣ ሌላውን ለወጠ፣ በመጨረሻ ኮሪደሩን በግድግዳ እየተመራ ይሄድ ጀመር። እኛም ዕድሜ ነው አልን።

ሥራው የት ደረሰ? ኮከቦቹ ተቆረጡ?

በቱል


ፌዝ፣ ጁላይ 2 ቀን 1998

ለልጄ በቱል፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። መነጽሩ ደርሷል፣ አላህ ይስጥልኝ። ሻርፑን ረቂያ ለብሳው ጎረቤት ሁሉ እየዞረች ነው፣ ምሳዬም ቀዝቅዟል።

ስለ ዓይኔ አትጨነቂ። የእኛ ዘር ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። አያቴ ይዞ ሄደ፣ አባቴ ይዞ ሄደ፣ አባትሽም ይዞ ሄደ። ልጆች ሳለን ከመንገዱ ጫፍ የሚመጣውን ሽማግሌ በአካሄዱ ብቻ ከእኛ ወገን መሆኑን እናውቅ ነበር። በሽታ ቢሆን ኖሮ እኮ አንዱን ያመው፣ አንዱ ይተርፍ ነበር።

ኮከቦቹ ተቆርጠዋል፣ አሁን እየደረደርኩ ነው። ለብቻዬ ነው የምሠራው። ቡሽታ «ቅርጫቶቹን እኔ ልለይልህ» ቢለኝ ተቆጣሁት። ከመቼ ወዲህ ነው ለእኔ ቅርጫት የሚለየው? የዘመድ ሥራ ነው፣ ተወኝ አልኩት። አኩርፎ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ወደ ሰፍሩ ከተማ ሄዷል። ሲመለስ ጠግቦ ስለሚመጣ ይታረቀኛል።

መነጽሩ ጥሩ ነው፣ ግን የጎደለው ብርሃን ነው መሰለኝ። የቀን ብርሃን የሚመስል አምፖል እናንተ ዘንድ አለ ይባላል። ካገኘሽ ላኪልኝ።

አላል


ሊዬዥ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለውድ አጎቴ፣

በአላህ ሰላም ዋሉ ወይ? አምፖሎቹን ከላክሁ በኋላ ከእርስዎ ድምፅ ጠፋ። የፖስታ ሣጥናችንን በየቀኑ እከፍታለሁ። ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ፒሳ፣ ምንጣፍ፣ ርካሽ ቴሌቪዥን። ታመሙ ይሆን? ወይስ ላላ ረቂያ ታመሙ? ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ ከለከለ? ምንም ይሁን ምን ይንገሩኝ። የደበቁኝ ነገር ያለ ይመስለኛልና እንቅልፍ ነሳኝ።

ሥራው ካለቀ በአላህ ፎቶ ይላኩልኝ። ማየት እፈልጋለሁ።

በቱል


ፌዝ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1998

ለልጄ በቱል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዘገየሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። አልታመምንም።

የውሃ መቅጃው ቆሟል። ውሃው የተለቀቀው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ኩባያ የጠጣው ቧንቧውን የቀጠለው ሰውዬ ነው፤ ላቡን እየጠረገ «አላህ ቱሃሚን ይማረው» አለ። ልጆች ጠጡ። ከገበያ የሚመለሱ በቅሎዎችም ጠጡ፣ እነሱም ሰደቃው ይገባቸዋል። ኢማሙ የአባትሽን ስም ጠርተው ዱዓ አደረጉ፣ ሰውም አሚን አለ።

ሰው ሥራውን አየው። ቡሽታም ከሠርጉ ተመልሶ አየው። የተባለውን እኔ አልጽፍልሽም። ፎቶውን ልኬልሻለሁ፣ የሰደቃው ባለቤት አንቺ ነሽ። አይተሽ የተሰማሽን ጻፊልኝ። ማናቸውንም ቃል እቀበላለሁ፣ አታባብዪኝ።

መነጽርም አምፖልም አትላኪ። ምንም አትላኪ።

አላል


ሊዬዥ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1998

ለአባቴ ወንድም፣ ለአጎቴ አላል፣

እጅዎን አላህ ይባርከው! ምን ብዬ ልጀምር? ፎቶውን የከፈትኩት ማዕድ ቤት ቆሜ ነው፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ። አለቀስኩ። ባለቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሎት ከሳሎን ሮጦ መጣ።

ያ ሰማያዊ! ከላይ እስከ ታች፣ ኮከብ በኮከብ ላይ፣ ሁሉም ልክ ልጅ ሆኜ እንደማውቀው። ሂንድም መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ...» ብላ ጀምራ ነበር፣ «ዝም በይ፣ የአያትሽ ነው» ብዬ አቋረጥኳት። ማልቀሴን አይታ ዝም አለች። ፎቶውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ጠዋት ቡናዬን የምጠጣው ከአባቴ ጋር ነው።

አታባብዪኝ ብለውኝ ነበር። አላባበልኩም፤ የምጽፍልዎ ያየሁትን ነው። ቡሽታ ምን ቢልዎ አይስሙት። ምቀኝነት ነው።

በቱልዎ


ፌዝ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1999

ለልጄ በቱል፣

ሰላምና ዱዓዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላህ ደስታሽን ያብዛልሽ።

ከኮከቦቹ የአንዱ ጫፍ ትንሽ ተነቅሏል፤ የጋሪ ጎማ ነክቶት ነው። ለመጠገኛ የሚሆኑ ሁለት ቁራጮች በሲ ምሩዋን እጅ ልኬልሻለሁ፤ ለየብቻ በጨርቅ የተጠቀለሉ ናቸው። በቀን፣ በመስኮት አጠገብ አድርገሽ ከፎቶው ጋር አስተያያቸው። የትኛው እንደሚገባ ጻፊልኝ። ለሌላ ሰው አታሳዪ፣ የአንቺን ዓይን ነው የምፈልገው።

ረቂያ በስብ የተቀመጠ ሥጋ በማሰሮ ልካልሻለች። ሲ ምሩዋን መንገድ ላይ እንዳይበላው መርምሪ።

አላል


ሊዬዥ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1999

ለውድ አጎቴ፣

እንደምን አሉልኝ? ማሰሮው በሰላም ደርሷል፣ ክዳኑ ብቻ ተከፍቶ ነበር፣ ሲ ምሩዋን «ሸተተኝ ብዬ ነው» አሉ።

ቁራጮቹን እንዳሉት በቀን፣ በመስኮት አጠገብ አየኋቸው። ግን አጎቴ፣ እየቀለዱብኝ ነው? ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። አንዱ ትንሽ አቧራ የነካው ይመስላል፣ በሳሙና አጠብኩት፣ ያው ነው። የፈለጉትን ይክተቱበት። ሁለት ሰማያዊ ለምን ላኩልኝ?

በቱል


ፌዝ፣ ማርች 2 ቀን 1999

በቱል ልጄ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝና ይህን አንብቢ። አንዱ አረንጓዴ ነው።

በነጩ ጨርቅ የነበረው ሰማያዊ፣ ጥለት ባለው ጨርቅ የነበረው አረንጓዴ ነው። የጠቀለለቻቸው ረቂያ ናት፤ እኔም አልለያቸውም። ለሂንድ አሳዪያት፣ ትነግርሻለች። ያኔ ፎቶውን አይታ ልትናገር የጀመረችውንም አስጨርሻት።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቡሽታ ሠርግ ሲሄድ ለብቻዬ ቀረሁ። የሰማያዊውና የአረንጓዴው ቅርጫት ጎን ለጎን ነበሩ። ድሮ እጄን ዓይኔ ነበር የሚመራው። አሁን ግን ስለ ሁለቱም አንድ ወሬ ነው የሚነግረኝ። ማንንም «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ዕድሜ ልኩን ቀለም ሲደረድር የኖረ ሰው እንዴት ብሎ ይጠይቃል? ባይታየኝም እጄ ያውቀዋል ብዬ ቀጠልኩ። ሁሉም በግንባሩ የተደፋ ስለሆነ የሚያርመኝ አልነበረም። ቆሞ ሲጠረግ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው አፉን የከፈተው፣ «አላል፣ ግማሾቹ ኮከቦች ናና በልተዋል እንዴ?» አለኝ። እኔም «ልጅቷ እንዲህ ነው ያዘዘችኝ» አልኩ። በአንቺ ዋሸሁ፣ በአባትሽ ሰደቃ ላይ ቆሜ ዋሸሁ።

ፎቶውን ስልክልሽ ስድብሽን እየጠበቅሁ ነበር። «ያ ሰማያዊ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ይሉኝታ ይዟት ነው፣ ተረፍኩ አልኩ። ደብዳቤሽን ጎረቤታችን ለረቂያ ሲያነብላት ዳቦ እየቆረሰች ነበር፣ እጇ ቆመ። «ይቺ ልጅ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም» አለች። «ሕፃን ሆና እንኳ ሾርባሽ ጨው በዝቶበታል ብላኛለች። አላየችውም አንተ ሰው፣ አላየችውም!» አለችኝ። ያን ጊዜ የፎጣው ነገር ትዝ አለኝ። ካልሲውም ትዝ አለኝ። ቢሆንም ላምን አልቻልኩም፣ ለዚህ ነው ሁለቱን የላክሁልሽ። መልስሽ ሲነበብልኝ አመንኩ።

ዛሬ ስልክ ቤት ሄጄ ደወልኩ። ሂንድ ናት መሰለኝ ያነሳችው፣ በፈረንሳይኛ ታወራኛለች፣ እኔ «ሰላም፣ ሰላም» እላለሁ፣ ሒሳቡ ይሮጣል። ዘጋሁት። ስለዚህ ይህን ወረቀት ዛሬውኑ በሚበር ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ልጄ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አባቴና አባትሽ ይዘውት የሄዱት ግድግዳ አንድ ነው። ወግ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር፣ ሞኝነት ነው። የእኔ ነገር አልፏል፣ አርጅቻለሁ፣ ተይኝ። አንቺ ግን አርባም አልሞላሽም።

አላል


ሊዬዥ፣ ሜይ 23 ቀን 1999

ለአጎቴ አላል፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዝም ያልኩት ወረቀትዎ ስላልደረሰኝ አይደለም። ስላልቻልኩ ነው።

ሁለቱን ቁራጮች ለሂንድ አሳየኋት። «ይሄ ሰማያዊ፣ ይሄ አረንጓዴ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ደግሜ ጠየቅኋት፣ ፈራች። «እማዬ፣ ፎቶው ላይም ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው እኮ፣ ስታለቅሺ ነው የተውኩት» አለች። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም።

ሐኪሙ ፊቴን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ባለ ነገር ውስጥ አስገብቶ «ብርሃን ብልጭ ሲል ባየሽ ቁጥር ተጫኚ» አለኝ። ፀጥ ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ደቂቃ ምንም አልመጣም። ለካ መጥቷል አጎቴ፣ ከጎን በኩል ሲበራ ኖሯል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ግላኮማ ነው አለኝ። በዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን ጅማት ቀስ እያለ ይገድለዋል፣ አያምም፣ አይቆጠቁጥም። አንዳንድ ሰው ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ቢጫና ነጭ መለየት ቀድሞ ይዳከማል፣ ሰውየው ግን አይታወቀውም፣ አምፖሉን ያማል። ይህን ሲለኝ በሐኪሙ ፊት ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

የጠፋው አይመለስም። የቀረው ግን በጠብታ ሊጠበቅ ይችላል። በጊዜ መጣሽ ብሎኛል። ማን ላከሽ ሲለኝ «የውሃ መቅጃ» አልኩት፣ አልገባውም።

ደግሞ ይህን በደንብ ያስነብቡ፤ ቀለም ብቻ መለኪያ አይደለም ብሏል። ቀለም አጣርቶ የሚያይም በሽታው ሊኖርበት ይችላል። የሥጋ ዘመድ የሆነ ሁሉ፣ የሚያየውም የማያየውም፣ ግፊቱን ይለካ ነው ያለው።

አሁን ቁጣዬን ይስሙ። የተቆጣሁት በኮከቦቹ አይደለም። ግማሾቹም ሆኑ ሁሉም አረንጓዴ ቢሆኑ ውሃው ይጠጣል። የተቆጣሁት «የእኔ ነገር አልፏል፣ ተይኝ» ባሉኝ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር ያለኝ። እኔም ተውኩት! እጁን ይዤ ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ ሰማዩ ሰማያዊ ነው እያልኩ ዋሸሁት። ሁለተኛ አልተውም። እርስዎ ሐኪም ዘንድ መሄድዎን ላላ ረቂያ በቃላቸው እስኪያረጋግጡልኝ ድረስ ይህን ጠብታ ዓይኔ ውስጥ አልጨምርም። ጠርሙሱን ፎቶው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።

በቱል


ፌዝ፣ ጁን 6 ቀን 1999

በቱል!

ያን ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ጠብታሽን አሁኑኑ ጨምሪ። ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለደው ቱሃሚ? በገዛ ዓይኗ ሰው ታስፈራራለች!

ሄጃለሁ። ረቂያ አጠገቤ ተቀምጣ «ሄዷል፣ ወላሂ ሄዷል፣ እኔው ነኝ የወሰድኩት፣ በር ላይ ሊያመልጠኝ ነበር» በል ትላለች። ይኸው ጽፌዋለሁ። ቀኙ ዓይኔ ብዙ ጠፍቷል፣ ግራው ይተርፋል ተብያለሁ። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

ጨምሪ።

አላል


ፌዝ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1999

ለልጄ ለበቱል፣

አላህ ብርሃንሽን ይጠብቅልሽ፣ የሂንድንም ይጠብቅ፤ እሷንም አስለኪያት። ፊደሌ ስለተለቀ አትገረሚ፣ ሐኪሙ እንዲህ ጻፍ ብሎኝ ነው።

ግራ ዓይኔ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ውስጡ ለታገደው ውሃ መውጫ ከፈቱለት። ዕድሜ ልኬን ለሰው የውሃ መውጫ ስሠራ ኖሬ፣ በመጨረሻ እኔው ላይ ተሠራብኝ። ሰፈራችን ይህን በሽታ «ሰማያዊው ውሃ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሰው ሰማያዊ ይታየው ነበር ማለት ነው፣ ታድሎ።

ሸክላ መቁረጡን ትቼዋለሁ። የምደረድረው ግን እኔ ነኝ። ቡሽታ ሰማያዊውን በክብ ቅርጫት፣ አረንጓዴውን በአራት ማዕዘን ቅርጫት ያስቀምጥልኛል፣ ያቀብለኛል፣ ይሰድበኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሲያቀብለኝ እጄ ይሞቅ ነበር፣ ከሀፍረት። አሁን ለምጄዋለሁ። ለፀጉር አስተካካዩም ሄጄ እውነቱን ነገርኩት፣ ልጅቷ አላዘዘችኝም፣ አይታየኝም ነበር አልኩት። ፂሜን በነፃ ላጨኝ።

አሁን የጻፍኩልሽን ዋና ነገር ስሚ። ባለፈው ሳምንት ቡሽታ መሮና መዶሻውን ይዞ መጣ። «ስምህን ላድስልህ፣ አረንጓዴዎቹን ነቅዬ ሰማያዊ እተክላለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። አብረን ወርደን የመጀመሪያውን ሊነቅል ሲል የእህቴ ልጅ ጂላሊ መጣ። አታስታውሺው ይሆናል፣ አንቺ ስትሄጂ ገና ይድህ ነበር። አሁን የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ዘመድ ሁሉ ይለካ ያልሽውን ነግሬው «እኔ እኮ እንደ ጭልፊት ነው የማየው፣ መሪ ይዤ የምውል ሰው ነኝ» ብሎ የሳቀብኝ እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ጠጣ፣ አፉን በእጁ ጠረገና ግድግዳውን ቀና ብሎ አየው። «አጎቴ» አለኝ፣ «ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው። ሁሉም ሰማያዊ ነው እኮ።»

ቡሽታ መዶሻውን አወረደ። ከዚያ ጂላሊን በአንድ ክንዱ እኔ፣ በሌላው ቡሽታ ያዝነው። «ምን ሆናችሁ? አውቶቡሴ ተራ ይዞልኛል!» እያለ ሲጮህ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያየናል። ሐኪም ቤት ሲደርስ አልሳቀም። ግፊቱ ከእኔ ይበልጣል። መሪውን ለጊዜው አስረክቧል፣ ጠብታ ጀምሯል። ዓይኑ ግን ገና አልጠፋም፤ ሐኪሙ ይህን ደጋግሞ ነግሮናል።

ቀለም ብቻ መለኪያ አለመሆኑን አልረሳሁም። ቀለም የሚለዩትንም ሁሉ እየጎተትኩ ነው። ግን የእኛ ሰው እያየ ሐኪም ቤት አይሄድም፣ ይከራከራል። ይህ ግድግዳ ነው ክርክሩን የሚያሸንፍልኝ።

ማታውን ቡሽታ መሮውን ጠቅልሎ «ታዲያ መቼ ልንቀለው?» አለኝ። ተወው፣ አይነቀልም አልኩት። ከዚህ ውሃ ገና ያልጠጣ ብዙ ዘመድ አለን።

አጎትሽ አላል